ጤና ኬላውን ማጠናከር ወይስ ለእናቶች ገንዘብ መስጠት? ለአገር ልጆች ማህበራትና ለዕድሮች የምርጫ መመሪያ

የአገር ልጆች ማህበር ወይም ዕድር ገንዘብ አሰባስቦ «በቀበሌያችን ትንንሽ ልጆች ያሏቸውን ድሃ ቤተሰቦች እንርዳ» ብሎ ሲነሳ ውይይቱ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ጤና ኬላው ባዶ ነው፣ እሱን እናሟላ፣ ጤና ኤክስቴንሽኖቹን እናግዝ» ይላል። ሌላው ደግሞ «እናቶቹ ለልጅ የሚሰጡት ምግብ የላቸውም፣ ገንዘቡን በቀጥታ እጃቸው ላይ እናድርግ» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ውሳኔው ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋድለው ድምፁ ከፍ ወዳለው ሰው ነው።

ይህ ጽሑፍ ለእንደዚህ ዓይነት ስብሰባ የተዘጋጀ ነው። አዲስ አበባ ሆናችሁ ብታዋጡም፣ ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ሆናችሁ ብትልኩም ጥያቄው አንድ ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ጤና ኬላው የሚሠራ ከሆነ ገንዘቡን ለነፍሰ ጡሮችና ለአራሶች ስጡ። ለጥቂቶች ይሁን፣ ግን የሚበቃ ይሁን። ኬላው ከተዘጋ ወይም መድኃኒት ከሌለው መጀመሪያ እሱን አስነሱ። ከሁሉ የከፋው ምርጫ ያለውን ገንዘብ ለመላው ቀበሌ በትንሽ በትንሹ መበተን ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ከታች አስረዳለሁ።

ጤና ኤክስቴንሽኗ የምትችለውና የማትችለው

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው በ1995 ዓ.ም ነው። በየገጠር ቀበሌው አንድ ጤና ኬላ፣ በየኬላው ሁለት ሴት ባለሙያዎች እንዲኖሩ ታሰበ። ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱና አንድ ዓመት የሠለጠኑ ነበሩ፤ ከአካባቢው የተመለመሉ፣ የመንግሥት ደሞዝ የሚከፈላቸው ናቸው። ሁለቱ ወደ 5,000 የሚጠጋ ሰው ያገለግላሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራቸው በአብዛኛው ማስተማርና መከላከል ነበር። መጸዳጃ ቤት ማስቆፈር፣ ማስከተብ፣ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት መስጠት። ከ2003 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ግን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን እዚያው ኬላው ላይ ማከም ጀመሩ። ሳንባ ምችን በመድኃኒት ያክማሉ። ለተቅማጥ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) እና ዚንክ ይሰጣሉ። ወባን መርምረው ያክማሉ። በምግብ እጥረት በጣም የተጎዳን ልጅ ፕላምፒ ነት በተባለው ከኦቾሎኒ በተዘጋጀ የሕክምና ምግብ ያገግም ዘንድ ይከታተላሉ።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ሦስት ሰዓት ተጉዞ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ሊሞት ይችላል። መድኃኒቱ ቀበሌው ውስጥ ካለ ይተርፋል።

ቁጥሮቹን እንያቸው። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት 166 ነበሩ። በ2008ቱ ጥናት 67 ሆኑ። በ2011ዱ አነስተኛ ጥናት ደግሞ 59። ይህን ሁሉ ያመጣችው ጤና ኤክስቴንሽኗ ናት ማለት አይቻልም። መንገድ፣ ትምህርት፣ የተሻለ ምርትና አዳዲስ ክትባቶችም ድርሻ አላቸው። የእሷ እጅ ግን በግልጽ አለበት።

አሁን ሌላኛውን ቁጥር ተመልከቱ። የቀነጨሩ ሕፃናት፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ቁመታቸው ያነሰ፣ በ1992 ዓ.ም 58 በመቶ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም 38 በመቶ። በ2011 ዓ.ም 37 በመቶ። ሞት ከግማሽ በታች ሲወርድ መቀንጨር የቀነሰው በሲሶ ገደማ ነው። ዛሬም ብዙ ልጆች በሕይወት ይተርፋሉ፣ ግን አያድጉም።

ምክንያቱ ለማንም የገጠር ሰው ግልጽ ነው። ባለሙያዋ ሳንባ ምችን በመድኃኒት ታክማለች። ለመቀንጨር የሚሰጥ መድኃኒት ግን የለም። «ስድስት ወር ሲሞላው እንቁላል፣ ወተት፣ አትክልት ጨምሪለት» ብላ ታስተምራለች። እናቲቱም ምክሩን በቃሏ ትወጣዋለች። ዶሮዋ የጣለችውን እንቁላል ግን ገበያ ወስዳ ትሸጥና ጨውና ሳሙና ትገዛበታለች። ልጇን ስለማትወድ አይደለም። ሌላ የገንዘብ ምንጭ ስለሌላት ነው። እንዲህ ያለችን እናት ደጋግሞ ማስተማር ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ገንዘብ የሚሠራውና የማይሠራው

ብዙ ሰው ለድሃ ጥሬ ገንዘብ መስጠት ያስፈራዋል። «ባልየው ይጠጣበታል» የሚለው በየስብሰባው ይነሳል። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ግን ይህን ፍርሃት አይደግፉም። ሰዎች በአብዛኛው ምግብ ይገዛሉ፣ ዕዳ ይከፍላሉ፣ ጣሪያ ይጠግናሉ፣ በግ ይገዛሉ።

ስለ ትንንሽ ልጆች ካነሳን አራት የውጭ ጥናቶችን ማወቅ ይጠቅማል። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው በምዕራብ ኬንያ፣ ሲያያ በተባለው አካባቢ የተደረገ ነው። ጊቭዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት ከ10,000 ለሚበልጡ ድሃ ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ገደማ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ሰጠ። በ2025 ይፋ የሆነው ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በ48 በመቶ ቀንሷል። ውጤቱ በጣም የጎላው ገንዘቡ በወሊድ ሰሞን ለደረሳቸውና ሐኪም ያለበት ጤና ተቋም ቅርብ ለሆነላቸው ነው። እናቶቹ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ከከባድ ሥራ አረፉ። ሆስፒታል ሄደው ወለዱ። ገንዘብ ሕይወት ያዳነው ሐኪሙ ካለበት ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው የኡጋንዳ ነው። ብራክና ሊቪንግ ጉድስ የተባሉ ድርጅቶች ቤት ለቤት እየዞሩ የሚመክሩና መድኃኒት በቅናሽ የሚሸጡ ሴቶችን አሰማሩ። ሴቶቹ ከሽያጩ ትንሽ ትርፍ ያገኛሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ በእነዚያ መንደሮች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት ካልተካተቱት መንደሮች በ27 በመቶ አንሶ ተገኘ። ለቤተሰቦቹ አንድ ሳንቲም አልተሰጠም። በር የምታንኳኳ፣ መድኃኒት በቦርሳዋ የያዘችና ለሥራዋ የሚከፈላት ሴት ብቻዋን ይህን ያህል ለውጥ አመጣች።

ሦስተኛው የባንግላዴሽ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የበለጠ የሚያስተምረው ይህ ነው። ከ2012 እስከ 2014 ድሃ እናቶች በተለያየ ቡድን ተከፈሉ። ለአንዱ በየወሩ 1,500 ታካ፣ ለሌላው ተመጣጣኝ ምግብ፣ ለሌላው ግማሽ በግማሽ ተሰጠ። አንድ ቡድን ደግሞ ከገንዘቡ ጋር ስለ ሕፃን አመጋገብ ቋሚ ትምህርት ያገኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሲሞላ መቀንጨር በደንብ የቀነሰው ገንዘቡንና ትምህርቱን አንድ ላይ ባገኙት ዘንድ ብቻ ነው፤ በ7.3 የመቶኛ ነጥብ። ገንዘብ ብቻ ያገኙት የተሻለ በሉ፣ የልጆቹ ቁመት ግን አልተለወጠም።

አራተኛው ከሩዋንዳ ነው። ለአንድ ቤተሰብ 140 ዶላር ገደማ የሚያስወጣ የሥርዓተ ምግብና የንጽሕና ፕሮግራም ወጪው ከሚመጣጠን ጥሬ ገንዘብ ጋር ተወዳደረ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱም የልጆቹን ዕድገት አልለወጡም። ፕሮግራሙ ቁጠባን ጨመረ፣ ትንሹ ገንዘብ ደግሞ ዕዳ አስከፈለ። ከ500 ዶላር በላይ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ግን የተሻለ ምግብ አገኙ፣ የልጆቹም ቁመት በመጠኑ ተሻሻለ። ስለዚህ «ገንዘብ ይሠራል ወይ?» ከማለት በፊት «ስንት ነው የምንሰጠው?» ማለት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የኬላውን በር እዩ

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ሰው ወደ ቀበሌው ላኩ። ለቀበሌው ሊቀመንበር ስልክ መደወል አይበቃም። «ኬላው አለ፣ ይሠራል» ይላችኋል። ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ሕንፃው አለና። መጠየቅ ያለባት ሕፃን ያዘለች እናት ናት። «ባለፈው ልጅሽን ሲያመው ወዴት ወሰድሽው? ኬላው ክፍት ነበር? መድኃኒት አገኘሽ? ስንት ሰዓት ተጓዝሽ?» ከተለያየ ጎጥ አሥር እናቶች ከተጠየቁ ሥዕሉ ይገለጣል።

ከዚያ ባለሙያዎቹን አነጋግሩ። አክብራችሁ፣ እንደ መርማሪ ሳትሆኑ። ኦአርኤስ፣ ዚንክ፣ የሳንባ ምች መድኃኒት፣ የወባ መመርመሪያ፣ ፕላምፒ ነት አሁን መደርደሪያው ላይ አለ? ባለፉት ሦስት ወራት አልቆ ያውቃል? ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ «መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ አለ፣ የሚያመጣልን የለም» የሚል ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ወደ አምስት ለሚሆኑ ኬላዎች ያቀርባል። መድኃኒቱ ያለው ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነና ባለሙያዋ በእግሯ ከሆነች ሕፃኑ ጋ አይደርስም።

መልሱ «ኬላው ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፣ መድኃኒት የለም» ከሆነ ጥሬ ገንዘብ የመጀመሪያ ምርጫችሁ አይሁን። እናቲቱ ገንዘቡን ይዛ የግል ክሊኒክ ፍለጋ ከተማ ትወርዳለች፣ ግማሹ ለትራንስፖርት ይሄዳል። ጦርነት በነካቸው የትግራይ፣ የአማራና የአፋር አካባቢዎች የተዘረፉና የፈረሱ ኬላዎች ብዙ ናቸው። እዚያ ጥያቄው ከዚህም ይቀድማል፦ ገበያው ይሠራል? መንገዱ ክፍት ነው? እህል በሌለበት ገበያ ብር ይዞ መሄድ ዋጋን ከማስወደድ በቀር ጥቅም የለውም። እዚያ እህሉን ራሱን ማድረስ ይሻላል።

ገንዘቡን አካፍላችሁ ቁጠሩት

ይህ ክፍል ስብሰባው ላይ ጥል ያስነሳል። ቢሆንም አትዝለሉት።

ማህበራችሁ 900,000 ብር አለው እንበል። በቀበሌው ትንንሽ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች 600 ቢሆኑ ለእያንዳንዳቸው 1,500 ብር ይደርሳል፤ ያውም አንድ ጊዜ። በሁለት ገበያ ያልቃል። ፎቶ ይነሣበታል፣ ሁሉም ያመሰግናል፣ ከሦስት ወር በኋላ ግን በየትኛውም ልጅ ላይ አይታይም።

ያንኑ ገንዘብ ለ30 ነፍሰ ጡሮች ብታደርጉት ለእያንዳንዷ 30,000 ብር ይሆናል። ከሰባተኛው የእርግዝና ወር ጀምሮ ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው 15 ወር ነው። በወር 2,000 ብር ማለት ነው። ከኬንያው መጠን አሁንም ያንሳል፣ ተመሳሳይ ውጤትም አትጠብቁ። ግን አንዲት ሴት ከባድ ሸክም እንዳትሸከም፣ ወደ ጤና ጣቢያ በባጃጅ እንድትሄድ፣ ልጁ ምግብ ሲጀምር ከገንፎው ጋር እንቁላል እንድትጨምር ያስችላል።

«ሌሎቹስ?» ትላላችሁ። 5,000 ሰው ባለበት ቀበሌ በዓመት ከ150 በላይ እርግዝና መጠበቅ አለባችሁ። ሁሉንም አትደርሱም። የእኔ ምክር በቀበሌው ውስጥ ሩቅና ድሃ የሆነውን አንድ ጎጥ መርጣችሁ እዚያ ያለችውን ነፍሰ ጡር በሙሉ ማካተት ነው። «ከድሃም ድሃውን» በኮሚቴ እየመረጡ ከየጎጡ አምስት አምስት ማውጣት ቅሬታ ያመጣል። ለኮሚቴው ዘመድ የሌላት ሴትም ትቀራለች። ጎጥ ሲመረጥ ግን ምክንያቱ ለሁሉም ይታያል።

ገንዘባችሁ ከዚህም ካነሰ፣ እንበል 150,000 ብር ከሆነ፣ ለጥሬ ገንዘብ ድጋፍ አይበቃም። እሱ ለኬላው ይሁን። እዚያ ትንሽ ገንዘብ ብዙ ልጅ ይደርሳል።

ገንዘብ ለመስጠት ከወሰናችሁ

አገራችን ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራ ትልቅ ፕሮግራም እንዳለ አትርሱ። ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ድሃ ቤተሰቦች በአብዛኛው በጉልበት ሥራ ምትክ ገንዘብ ወይም እህል የሚያገኙበት የመንግሥት ፕሮግራም፣ ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ምግብ ዋስትና በሌላቸው ወረዳዎች ይሠራል። በ2009 ዓ.ም ደግሞ የከተማው ተጀመረ። በገጠሩ ሴፍቲኔት አንዲት እናት ስታረግዝ ከጉልበት ሥራ ወጥታ «ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ» ወደሚባለው ትዛወራለች። ሳትሠራ ይከፈላታል፤ በምትኩ የእርግዝና ክትትል እንድታደርግና ትምህርት ላይ እንድትገኝ ትመከራለች። ብትቀር ግን አይቆረጥባትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ወረዳችሁ ሴፍቲኔት አለው ወይ ነው። ካለ፣ መብት እያላቸው ያልተመዘገቡ ነፍሰ ጡሮች አሉ ወይ? ብዙ ሴቶች እርግዝናቸውን ዘግይተው ስለሚናገሩ ወይም ወረቀቱ ስላልተሞላላቸው ጉልበት ሥራ ላይ ይቆያሉ። የቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ዘንድ ጉዳዩን የሚከታተል አንድ ሰው ማቆም ከኪሳችሁ ምንም ሳይወጣ ገንዘብ ሊያመጣላቸው ይችላል። ሌላው ነገር፣ የሴፍቲኔት ክፍያ በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። ችግሩ የሚብሰው ግን ክረምት ላይ፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ አዲሱ እህል ሳይደርስ ነው። ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ላይ የምትሰጡት ብር ሌላው ምንጭ በሚደርቅበት ጊዜ ይደርሳል።

መጠኑን በብር ብቻ አትወስኑ። በሴፍቲኔት የአንድ ሰው የወር ድጋፍ የሚሰላው በ15 ኪሎ እህል ነው፣ በኋላም 4 ኪሎ ጥራጥሬ ተጨምሮበታል። እናንተም በዚህ መንገድ አስቡ። በ2000 ዓ.ም የእህል ዋጋ ሲተኮስ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ጥሬ ገንዘቡን ትተው እህል መምረጥ ጀምረው ነበር፤ ብሩ የሚገዛው ስላነሰ። ያለፉት ዓመታት ኑሮ ውድነትም ይህንኑ ደግሞ አሳይቶናል። በየሦስት ወሩ የአካባቢውን ገበያ ዋጋ ጠይቃችሁ አስተካክሉ። ለዚህም ከገንዘባችሁ ትንሽ መጠባበቂያ አስቀሩ።

በየወሩ ይሁን ወይስ በአንዴ? በኬንያ ራሪዳ በተደረገ ጥናት በየወሩ የተከፈላቸው ቤተሰቦች ምግባቸው ተሻሻለ፣ በአንዴ የተሰጣቸው ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለ ትልቅ ነገር ሠሩ። ዓላማችሁ የሕፃን ምግብ ከሆነ በየወሩ ይሻላል። ከወሊድ በፊት ግን አንድ ጊዜ ከፍ ያለ ክፍያ ይኑር፤ ለትራንስፖርትና ለአራስ ቤት።

ገንዘቡን በእናቲቱ ስም በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩ። ስልክ የሌላት ብዙ ናት። በባሏ ወይም በወንድሟ ስልክ ከመላክ በፊት መታወቂያና ሲም ካርድ እንድታወጣ ማገዝ ይሻላል። ባልየውንም አታግሉት። ሲጀመር ሁለቱን አብራችሁ አነጋግሩ፣ ገንዘቡ ለምን እንደሆነ ይስማ።

«ካላስከተበች አይከፈላትም» የሚል ቅጣት ግን አታስገቡ። የምትቀጡት ሩቅ ያለችውን፣ የታመመችውንና ኬላው ዝግ ሆኖባት የተመለሰችውን ነው።

ጤና ኤክስቴንሽኗን ለመደገፍ ከወሰናችሁ

ደሞዟን የሚከፍለው መንግሥት ነው። ማህበራችሁ አበል መጨመር ቢጀምር ገንዘባችሁ ሲያልቅ ቅሬታ ይተርፋል። ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ሳትነጋገሩም ምንም አትጀምሩ።

ለውጥ የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። ለማታ የሚሆን የፀሐይ ብርሃን መብራት። የውሃ ታንከር። የሚሠራ ሚዛን። የተበላሸ የክትባት ማቀዝቀዣ ማስጠገን። ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ለማምጣት የወር ትራንስፖርት። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው መኖሪያ ቤት ነው። ባለሙያዋ ከተማ ተከራይታ የምትመላለስ ከሆነ ኬላው ረፋድ ላይ ተከፍቶ ቀትር ላይ ይዘጋል። ከኬላው አጠገብ ሁለት ክፍል ቤት ከተሠራላት ሌሊት የታመመ ሕፃን የሚያንኳኳው በር ያገኛል። ነዋሪው እንጨትና ጉልበት ያዋጣል፣ እናንተ ቆርቆሮና ሲሚንቶ።

ከውጭ አገር መድኃኒት በሻንጣ አትላኩ። በሕግ ያስጠይቃል፣ ጊዜው ያልፋል፣ ባለሙያዋም ባልሠለጠነችበት መድኃኒት አታክምም።

ቤት ለቤት የሚዞሩ በጎ ፈቃደኛ ሴቶችን ማሰማራት ከፈለጋችሁ ደግሞ ክፈሏቸው። የራሷ ሕፃን ያላትን ድሃ ሴት በነፃ አሠርቶ ሌላ ድሃ ሴት መርዳት ልክ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የማህበረሰብ ጤና ሠራተኞች ለሥራቸው ተመጣጣኝ ክፍያ እንዲያገኙ መክሯል። አሥር ሴቶችን ሳትከፍሉ ከማሰማራት ሦስቱን ከፍላችሁ አሠሩ። የክንድ መለኪያ ሪባን ስጧቸው፣ እናቶችንም ራሳቸው መለካት ያስተምሩ። ሪባኑ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ካሳየ ልጁ ያኔውኑ ኬላ መሄድ አለበት።

ሁለት ተጨማሪ አማራጮች

ብዙ ማህበራት የማያስቧቸው ናቸው። አንዱ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መዋጮ ነው። በ2003 ዓ.ም በሙከራ የተጀመረው ይህ መድህን አሁን በብዙ ወረዳዎች አለ። አንድ ቤተሰብ በዓመት አንዴ ከፍሎ ሁሉም አባላት ይታከማሉ። መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይከፍላል፣ ግን ቁጥሩ በበጀት የተወሰነ ነው። ከዚያ መስመር ትንሽ ከፍ ብለው የቀሩት ቤተሰቦች ሲታመሙ በሬያቸውን ይሸጣሉ። ለእነሱ መዋጮውን መክፈል በጣም ጥሩ ገንዘብ ነው፤ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ካለው ብቻ። ምዝገባው በዓመት የተወሰነ ወቅት ስላለው ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው በጤና ጣቢያ ግቢ ያለው የእናቶች ማቆያ ነው። ሩቅ ያለች ሴት ቀኗ ሲቃረብ መጥታ የምትጠብቅበት ቤት። ብዙዎቹ ባዶ የሚቀሩት ምግብ፣ ፍራሽና ማገዶ ስለሌላቸው ነው። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ቡናና ብርድ ልብስ ሲሟላ ይሞላሉ። ዕድሮች ይህን ሥራ ከማንም በተሻለ ያውቁበታል።

ገንዘቡንና ኬላውን አንድ ላይ ማስኬድ

የባንግላዴሹ ጥናት የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ብራዚልም ለብዙ ዓመታት ያደረገችው ይኼው ነው። ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ወኪሎቿን ቦልሳ ፋሚሊያ ከተባለው የቤተሰብ ድጋፍ ጋር አስኬደች። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ድጋፉ በስፋት በደረሰባቸው ከተሞች በምግብ እጥረትና በተቅማጥ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሷል።

ለአንድ ትንሽ ማህበርም ይቻላል። ከገንዘቡ አንድ አምስተኛውን ለኬላው፣ ቀሪውን ለአንድ ጎጥ ነፍሰ ጡሮች። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ገንዘብ የሚያገኙትን የመምረጡን ሥራ ጤና ኤክስቴንሽኗ ላይ አትጫኑ። እርግዝናን ማረጋገጥ ትችላለች፣ ያ ይበቃል። «ማን ይግባ፣ ማን ይቅር» የምትል እሷ ከሆነች ያልገቡት ሴቶች ይቀየሟታል። በሚቀጥለው ወር ልጃቸውን ሲያመው ኬላውን ያልፉታል። ዝርዝሩን ዕድሩ፣ የሃይማኖት አባቶችና ከጎጡ የተመረጡ ሁለት እናቶች በይፋ ያንብቡት።

በግል ለምትልኩ

ልጇን ለእናቷ ትታ ቤይሩት ወይም ሪያድ የምትሠራ እህት የምታደርገውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ለበዓል ብዙ ልኮ በመሃል ከመጥፋት በየወሩ ትንሽ ግን የማይቋረጥ መላክ ለሕፃን ይሻላል። ከገንዘቡ ጋር ደግሞ የክትባት ካርዱን ፎቶ ጠይቂ። እንደተወለደ፣ በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንቱ፣ ከዚያ በ9ኛውና በ15ኛው ወር መሞላት አለበት። ብዙ ልጆች የሚቀሩት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ላይ ነው። አያቲቱ የቀጠሮውን ቀን ከረሱት በዚያ ቀን ደውለሽ አስታውሻቸው።

ከዓመት በኋላ ምን ትጠይቃላችሁ?

በአንድ ዓመት የልጆች ቁመት ተለወጠ ወይ ብላችሁ አትለኩ። በ30 ልጆች ላይ አይታይም፣ ሰውም ያስጨንቃል። የሚጠየቀው ቀለል ያለ ነው። ከ30ዎቹ ስንቶቹ ጤና ተቋም ወለዱ? ስንቶቹ አራት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ክትትል አደረጉ? ትናንት ልጁ ምን በላ፣ እንቁላል ወይም ወተት ነበረበት? የዘጠነኛው ወር ክትባት ተሰጠ? ኬላው ባለፈው ወር ስንት ቀን ተዘጋ? ከአጠገቡ ካለው፣ ካልተካተተው ጎጥም አሥር እናቶች ተመሳሳዩን ይጠየቁ፤ ያለዚያ ለውጡ የእናንተ ይሁን የዓመቱ ምርት አታውቁም። ጠያቂዋ ደግሞ ገንዘቡን የምታከፋፍለው ሰው አትሁን።